የፋይል ቀንና የጉዳይ ቀን

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ምሳሌ በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰው ከምሳሌነት አልፎ የዕለት ተግባሩ ነው። ዳሩ ግን የተጻፈ ሁሉ ይወረሳል ማለት አይደለም። ቁጥር የሌለው ትእዛዝ፣ ማኅተም የሌለው ደረሰኝ፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ ለባለ ጉዳዩም ለመሥሪያ ቤቱም ሸክም ነው። ከሦስቱም አብልጦ ሰውን የሚያከራክረው የቀኑ ነገር ነው። ጡረታ የሚታሰበው፣ ይግባኝ የሚቀርበው፣ ጨረታ የሚዘጋው፣ ዕዳ የሚጠየቀው በቀን ነው። አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰው ባለ መብት ሲሆን፣ አንድ ቀን የዘገየው ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ቀን የሚጽፍ ሰው ቀላል ሥራ የያዘ ቢመስልም በእውነቱ የያዘው ሚዛን ነው።

ይህ ሚዛን ዛሬ ከመዝገብ ቤት ጸሓፊ እጅ ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ ነው። ደብዳቤው ፋይል ሆኗል፤ የገቢ መዝገቡም በብዙ ቦታ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ ዝርዝር ሆኗል፤ የትኛው በጊዜው ደረሰ፣ የትኛው ዘገየ የሚለውን ፍርድም ጥቂት መስመር ያለው ፕሮግራም እንዲሰጥ እየተደረገ ነው። እኛም ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ የሥራ ዘመናችንን በመዝገብ መካከል የምናሳልፍ ስንሆን፣ ማታ ማታ ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ከመጻሕፍት ለመማር ሞክረናል። ፓይተን ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያወጣው ቋንቋ ነው። በእንዲህ ያለ ቋንቋ የሚጻፈው አጭር ፕሮግራም ስክሪፕት ይባላል። ጥቅሙ አንድ ጸሓፊ በሳምንት የማይጨርሰውን የማመሳከር ሥራ በጥቂት ሴኮንድ ማድረሱ ነው። አደጋውም ያው ነው፤ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ ስሕተቱን በዚያው ፍጥነት ለሺህ ሰው ያዳርሰዋልና። ስለዚህ ስለ ፋይል ቀንና ስለ ቀኖች ማወዳደር የተረዳነውን ጥቂት አሳብ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ቀንን እንደ ምን ይዞ እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ቀንን በወርና በዓመት ስም ይጠራል፤ ኮምፒዩተር ግን ከአንድ መነሻ ጀምሮ ይቈጥራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዓመተ ዓለም አንድ መነሻ አለው፤ ዓመተ ምሕረትም ሌላ መነሻ አለው፤ የባሕረ አሳብ ሊቃውንት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መነሻውን ሳይለዩ አልተናገሩም። ዩኒክስና ሊኑክስ የተባሉት ሥርዓቶች የሚቈጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲሆን፣ ሌሊቱም የግሪንዊች ነው። በእኛ አቈጣጠር ይህ መነሻ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ሁሉ በሴኮንድ ተቈጥሮ አንድ ቁጥር ይሆናል። ዊንዶውስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ የፋይሎቹን ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1601 መጀመሪያ ጀምሮ ይቈጥራል። እንግዲህ ከሁለቱ የተገኙትን ጥሬ ቁጥሮች ሳያስታርቅ የሚያወዳድር ሰው፣ ዓመተ ዓለምን ከዓመተ ምሕረት ጋር አስተያይቶ ማን ይበልጣል እንደሚል ሰው ነው።

የቈጠራው ዕቃም ወሰን አለው። በድሮዎቹ ሥርዓቶች ለሴኮንዱ ቁጥር የተመደበው ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ ሊይዝ አይችልም። ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቈጣጠር ሲሰላ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ይውላል። አዳዲሶቹ ሥርዓቶች ሰፊ ቦታ ስለ ተሰጣቸው ይህ አያሠጋቸውም፤ ያልታደሱ አሮጌ ሥርዓቶች ግን በዚያች ማለዳ ጊዜው ወደ ኋላ እ.ኤ.አ. ወደ 1901 ተመልሶ ሊታያቸው ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የፋይል ቀን አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ፓይተን ስለ አንድ ፋይል ሲጠየቅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያቀርባል። አንደኛው የፋይሉ ይዘት ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ነው። ሁለተኛው ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበበት ነው፤ ይህኛው ድካም ለመቈጠብ ሲባል ብዙ ጊዜ በየንባቡ አይታደስም። ሦስተኛው በዊንዶውስ ፋይሉ በዚያ ቦታ የተፈጠረበት ሲሆን፣ በሊኑክስ ግን የፋይሉ ባለቤትነት ወይም ፈቃድ የተለወጠበትን ይጨምራል። ይህን ሳያውቁ ሦስተኛውን ሁሉ የልደት ቀን ነው ብለው የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው።

ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ ሲገለበጥ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በዊንዶውስ አንድ ፋይል ሲገለበጥ የተለወጠበት ቀን እንደ ነበረ ይቀራል፤ የተፈጠረበት ቀን ግን የተገለበጠበት ቀን ይሆናል። በዚህም ምክንያት ከመወለዱ በፊት የታረመ የሚመስል ፋይል ማግኘት የተለመደ ነው። በፓይተን ደግሞ «ኮፒ» የተባለው ትእዛዝ ይዘቱን ገልብጦ የዛሬን ቀን ያትምበታል፤ «ኮፒ ቱ» የተባለው ግን የቀድሞውን ቀን ጠብቆ ለማለፍ ይሞክራል። በሁለቱ ስም መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቁጥር ናት፤ በውጤታቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድን ሰው መብት እስከ መንካት ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው በአንዲት መስመር ትእዛዝ የፋይሉን ቀን ወደ ፈለገው ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ የፋይል ቀን ምልክት እንጂ ማኅተም አይደለም።

እንግዲያስ የፋይል ቀን ለምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ሰው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ሲያዘጋጅ፣ የሥራው ሥር የፋይሎችን ቀን ማወዳደር ነበር። ምንጩ ከውጤቱ ይልቅ አዲስ ከሆነ ውጤቱ እንደ ገና ይሠራ፤ ካልሆነ ይቅር የሚል ቀላል ፍርድ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ቀኑ ቢሳሳት የሚደርሰው ጉዳት አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ወይም አሮጌውን መያዝ ነው። ያው ቀን በሰዎች መካከል እንዲፈርድ ሲደረግ ግን ለዚህ አልተሾመም።

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ነገር በሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ጉዳዩን እንድናጣራ ታዘን በሄድንበት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መምህራን የዝውውር ማመልከቻቸውን እስከ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እንዲያቀርቡ ተነግሮ ነበር። ከፊሎቹ ማመልከቻዎች በኢሜይል መጡ፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተርም በደረሱበት ቅጽበት አስቀመጣቸው። ከፊሎቹ መረብ ካልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች በፍላሽ ተይዘው መጡ። በመሥሪያ ቤቱ የነበረው ትጉህ ወጣት ሁሉንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ በጊዜው የደረሱትንና የዘገዩትን የሚለይ ስክሪፕት በፓይተን ጻፈ። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ አለቆቹም አመሰገኑት።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ዝርዝሩ በተለጠፈ ጊዜ ግን ጩኸት ተነሣ። በፍላሽ የመጡት ማመልከቻዎች በሙሉ «ጊዜ ያለፈበት» ተብለው ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ የመሰብሰቢያው ስክሪፕት የገለበጠው በ«ኮፒ» ስለ ሆነ ሁሉም የመገልበጫውን ቀን ለብሰው ተገኙ። ይህ በቶሎ ታወቀ፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ማመልከቻ ሊያስገቡ እንደማይችሉ ማንም ያስተውላልና። ወጣቱም ያንኑ ዕለት አረመው።

ያልታወቀው ሌላው ነበር። አንዲት መምህርት ማመልከቻዋን በኢሜይል የላከችው በመጨረሻው ቀን በጳጉሜ 6 ነበር። ዝውውር የጠየቀችው የታመሙ እናቷን ለማስታመም ነው። የእርሷና እንደ እርሷ በመጨረሻው ቀን የላኩት ሰዎች ስም ከእርማቱም በኋላ በዘገዩት መካከል ቀረ። መምህርቷ የወረዳውን የወጪ ቁጥርና ማኅተም የያዘ ወረቀት ይዛ ቀርባ፣ «እኔ በዓውደ ዓመት ዋዜማ ላክሁ፤ ወረቀቱ እነሆ፤ እናንተ ግን በዓውደ ዓመቱ ዕለት ላክሽ ትሉኛላችሁ» ስትል አመለከተች። ስክሪፕቱ እንደ ገና ተጠየቀ፤ እንደ ገናም መስከረም 1 ቀን 2016 ነው ሲል መለሰ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አረጋዊ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ወረቀቱን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ካዩት በኋላ ወጣቱን ጠሩት።

«ልጄ፣ ያለፈው ዓመት ዘመነ ማን ነበር?»

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ አላሰብሁትም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው።»

«ዘመነ ሉቃስ ነበር። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ታዲያ ያንተ ፕሮግራም ስድስተኛዋን ቀን የት አደረሳት?»

ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተመለከተ። ስክሪፕቱ መስከረም 1 ሁልጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል በሚል ደንብ የተጻፈ ነበር። ይህ ደንብ ከአራት ዓመት በሦስቱ እውነት ነው። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን በምንገኝበት መቶ ዓመት ዓውደ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ስለዚህ የ2015 ጳጉሜ 6 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ሳለ፣ ስክሪፕቱ ያችን ቀን ዋጥ አድርጎ የመምህርቷን ማመልከቻ ወደ አዲሱ ዓመት አሻግሮታል። ደንቡን ማረም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆነ። ዳሩ ግን መምህርቷ የጠየቀችው ቦታ በመካከሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለ ነበር እስከሚቀጥለው ዝውውር እንድትጠብቅ ተነገራት። ስክሪፕቱ የዋጣት አንዲት ቀን ለእርሷ የአንድ ዓመት መለያየት ሆነች።

ይህ እንዳይደገም ለሚሹ፣ ይልቁንም ለተማሪዎች፣ ነገሩን ወደ ሒሳብ መልሰን እንጽፈዋለን። የእኛን ቀን ወደ ተራ ቁጥር ለመለወጥ ከዓመቱ ላይ አንድ ቀንሶ በ365 ማብዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ጥሎ መደመር፤ ከወሩ ተራ ላይ አንድ ቀንሶ በ30 አብዝቶ መደመር፤ በመጨረሻም ከቀኑ ላይ አንድ ቀንሶ መደመር ነው። ለጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሲሠራ 735,110 እና 503 እና 360 እና 5፣ ድምሩ 735,978 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ 735,979 ይሆናል፤ ሁለቱ ተከታታይ ቀኖች ናቸው ማለት ነው። የዩኒክስ መነሻ የሆነው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 በዚሁ ሒሳብ 716,367 ነው። ይህን ከ735,978 ላይ ብንቀንስ 19,611 ይተርፋል፤ ይኸውም ከመነሻው እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ያለው የቀን ብዛት ነው። ቀን እንዲህ ሆኖ አንድ ቁጥር ከሆነ በኋላ ማወዳደሩ የሕፃን ሥራ ነው።

ወጣቱ ደንቡን ሲያርም የማስረከቢያውን ሰዓት ጭምር ሊያስገባ ፈልጎ 11 ብሎ ጻፈ። አረጋዊውም ከኋላው ሆነው፣ «ይህ 11 ሰዓት የማን 11 ሰዓት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ጥያቄው ትክክል ነበር። ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት የመሥሪያ ቤት መዝጊያ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 11 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጠር በመሆኑ በእኛ ከጧቱ 5 ሰዓት ነው። 17 መባል ሲገባው 11 ቢባል፣ ከምሳ በኋላ ያስገቡት ሁሉ በስድስት ሰዓት ልዩነት ዘግይተዋል ሊባሉ ነበር። በግሪንዊች ሰዓት የሚመዘግብ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ያው ሰዓት 14 ነው፤ የእኛ አገር ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማልና።

በዚህ ረገድ ፓይተን አንድ የሚመሰገን ጠባይ አለው። የየትኛው አገር ሰዓት እንደ ሆነ የተነገረለትን ጊዜና ያልተነገረለትን ጊዜ አቅርበን የትኛው ይቀድማል ብንለው፣ እነዚህን አላወዳድርም ብሎ ሥራውን ያቆማል። እንዲሁም ጳጉሜን በ13ኛ ወርነት ብናቀርብለት እንዲህ ያለ ወር አላውቅም ይላል። ጥቅምት 30ን 2ኛ ወር ብለን ብናቀርብለት ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። አደገኛው ግን እምቢ ያላለበት ነው። ኅዳር 12 ቀን 2015ን በቁጥር ጽፈን ብንሰጠው ማርች 12 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አድርጎ ያለ አንዳች ቃል ይቀበለዋል። ቀኑ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያስጠነቅቅ ደወል የለም። እምቢታው ያበሳጨን ይሆናል፤ ነገር ግን ዝም ብሎ ከመቀበል እጅግ ይሻላል። ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም እንዲሁ ያልተረዳውን ቀን ተቀብሎ ከማለፍ ይልቅ መጠየቅ ይገባዋል።

ቀንን በቁጥር ሳይለውጡ በፊደልነቱ የሚያወዳድሩም አሉ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያወዳድረው ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ «30-12-2015» እና «01-01-2016» ቢቀርቡለት 3 ከ0 ስለሚበልጥ ነሐሴ 30 ከመስከረም 1 በኋላ ነው ይላል። መድኃኒቱ ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩን አስከትሎ፣ ቀኑን በመጨረሻ፣ ሁሉንም በሙሉ አኃዝ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብም ይህንኑ ቅደም ተከተል ያዛል። በዚህ አጻጻፍ የእኛ ጳጉሜ እንኳ «2015-13-06» ተብላ ከነሐሴ በኋላ ከመስከረም በፊት በቦታዋ ትገኛለች።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ለሥራ ጓደኞቻችን የምንመክረው ጥቂት ነው። የጉዳዩ ቀን በሰነዱ ውስጥ ይጻፍ፤ በፋይሉ ቀን ላይ ብቻ አንደገፍ። በማንኛውም ቀን አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይቅር፤ ሰዓት ሲጻፍም በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ይነገር። ስክሪፕት ከመሠማራቱ በፊት መልሳቸው በታወቀ ቀኖች፣ ይልቁንም በጳጉሜ 5፣ በጳጉሜ 6 እና በመስከረም 1 ይፈተን። ጊዜ አልፎበታል የተባለ ማመልከቻ ሁሉ ከመመለሱ በፊት በሰው ዓይን ይታይ። የገቢ መዝገቡም፣ በወረቀት ቢሆን በኮምፒዩተር፣ ተራ ቁጥሩን ሳያቋርጥ ይያዝ። መምህርቷን በመጨረሻ ባለ መብት ያደረጋት የወረዳው የወጪ ቁጥር መሆኑን መርሳት አይገባም።

መምህራንም የባሕረ አሳብን ቈጠራ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምሩት መልካም ነው እንላለን። የዛሬ ተማሪ ነገ ስክሪፕት ጸሓፊ ነውና፣ የዘመነ ሉቃስን ስድስተኛ ቀን ከልጅነቱ ያወቀ እንደ ሆነ የማንንም ሰው ቀን አይውጥም። ኮምፒዩተር ሁለት ቁጥር ተሰጥቶት የሚበልጠውን ሲናገር አይሳሳትም፤ ቁጥሮቹ ከየት እንደ ተቈጠሩና የማንን ጉዳይ እንደ ያዙ የመጠየቅ ግዴታ ግን ቀድሞ መዝገቡን በያዝነው በእኛ ላይ እንደ ቆየ ነው።